«ሌላው ፈትሾታል»፦ የድረ ገጽ ፕለጊኖች ክፍተት ከየት ይመጣል?

በኦክቶበር 2020 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ድረ ገጾች ላይ የተጫነው «ሎጊናይዘር» የተባለ ፕለጊን (ተጨማሪ ሶፍትዌር)፣ ባለቤቶቹ ሳይጠየቁ በግዳጅ እንዲታደስ ተደረገ። ውሳኔው የመጣው ድረ ገጾቹ ከሚሠሩበት ሶፍትዌር፣ ከራሱ ከወርድፕሬስ ነው። የፕለጊኑ ሥራ የመግቢያ ገጹን መጠበቅ ነበር፤ የይለፍ ቃል እየገመተ ደጋግሞ የሚሞክረውን መዝግቦ ያግደዋል። ክፍተቱም የተገኘው እዚያው ምዝገባው ላይ ነው። ያልተሳካ ሙከራ ሲመጣ፣ በተጠቃሚ ስም ቦታ የተጻፈውን ጽሑፍ እንዳለ ከዳታቤዝ ትእዛዝ ጋር ቀላቅሎ ይልከው ነበር። ስለዚህ ከስም ይልቅ የዳታቤዝ ትእዛዝ የጻፈ ሰው፣ የይለፍ ቃል ሳያውቅና ሳይገባ፣ ዳታቤዙን ማዘዝ ይችላል። (የአገራችን አዋጅ ከተጠቀሰበት ቦታ በቀር፣ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ አዲስ አይደለም። ከውጭ የመጣ ጽሑፍ ለዳታቤዝ ትእዛዝ ሊሆን እንደሚችል «ፍራክ» የተባለው መጽሔት በ1998 አትሞታል። ጎብኚ የላከው ጽሑፍ በሌላው ሰው ብራውዘር ላይ ስክሪፕት ሆኖ ሊሠራ እንደሚችል ደግሞ «ሰርት» የተባለው የአሜሪካ ተቋም በፌብሩዋሪ 2000 አስጠንቅቋል። መድኃኒቱም ከታወቀ ሃያ ዓመት አልፎታል። ታዲያ ለምን አልቆመም?

የተለመዱት መልሶች ሦስት ናቸው። አንዱ ጥፋቱን በሰነፍ ፕሮግራመር ላይ ይጥላል። ሌላው ፒኤችፒ የተባለውን የኮድ ቋንቋ ይወቅሳል። ሦስተኛው አፕዴት የማያደርገውን የድረ ገጽ ባለቤት ይከሳል። በሦስቱም ውስጥ እውነት አለ። ዋና ዋናዎቹን አደጋዎች በተርታ ላየ ሰው ግን በሁሉም የሚመላለስ ሌላ ነገር አለ፦ እያንዳንዱ ክፍል «ይህን ከእኔ በፊት ያለው ፈትሾታል» ብሎ ማመኑ።

የጉዳዩ ስፋት

ወርድፕሬስ በ2003 የተጀመረ ነፃ ሶፍትዌር ነው፤ ዛሬ በዓለም ካሉት ድረ ገጾች ከአሥሩ አራቱ ያህል የሚሠሩት በእሱ ነው። ባለቤቱ የሚፈልገው ብዙው ነገር፣ የመመዝገቢያ ቅጹ፣ የፎቶ ማሳያው፣ ክፍያው፣ የኢሜይል መላኪያው፣ የሚመጣው በፕለጊን ነው። በይፋዊው ማውጫ ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነፃ ፕለጊኖች አሉ። አንዳንዱን ትልቅ ኩባንያ ይጽፈዋል፤ ሌላውን አንድ ሰው ከመደበኛ ሥራው በተረፈው ሰዓት ይጽፈዋል። ሰርቨሩ ላይ ግን ሁሉም እኩል ሥልጣን አላቸው። ለበዓል የቀሩትን ቀናት ብቻ የሚቆጥር ፕለጊን፣ ከፈለገ፣ የዳታቤዙን የይለፍ ቃል ማንበብ ይችላል።

«ፓችስታክ» የተባለው የደኅንነት ኩባንያ በ2024 በወርድፕሬስ ዙሪያ 7,966 አዳዲስ ክፍተቶችን መዝግቧል። ከእነዚህ 96 በመቶው የተገኙት በፕለጊኖች ላይ ነው፤ በዋናው ሶፍትዌር ላይ የተገኙት 7 ብቻ ናቸው። ግማሽ ያህሉ ክሮስ ሳይት ስክሪፕቲንግ፣ ማለትም ያልተፈተሸ ጽሑፍ ገጽ ላይ ወጥቶ ስክሪፕት የሚሆንበት ዓይነት ነው። ቁጥሩ ከዓመት ዓመት ማደጉ ኮዱ እየባሰ መሄዱን ብቻ አያሳይም፤ ክፍተት ላገኘ የሚከፈለው ሽልማት ፈላጊውን አብዝቶታል። የዋናው ሶፍትዌርና የፕለጊኖቹ ልዩነት ግን ሊታለፍ የሚችል አይደለም። ዋናውን ኮድ ብዙ ዓይን ያየዋል። ማውጫው አንድን ፕለጊን በሰው ዓይን ሲመረምር የኖረው በዋናነት መጀመሪያ ሲቀርብ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጸሐፊው ማሻሻያውን ራሱ ይለቃል።

መፈተሽ ያለበት ከውጭ የሚመጣው ግብዓት ነው። ግብዓት ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው የቅጽ ሳጥን ነው። ነገር ግን በአድራሻው ጫፍ የሚለጠፈው ቁጥር፣ ኩኪው፣ የተጫነው ፋይል ስምና ይዘት፣ ብራውዘሩ ስለ ራሱ የሚናገረው ጽሑፍ፣ ሁሉም ግብዓት ናቸው። እያንዳንዱ ሦስት ጥያቄዎችን ማለፍ አለበት። ምንድን ነው? ማን ላከው? ወዴት ይሄዳል?

ምንድን ነው?

በኦገስት 2011 የታወቀው የ«ቲምተምብ» ክፍተት እስከ ዛሬ ለማስተማሪያ ይሆናል። ቲምተምብ በብዙ የወርድፕሬስ ቴሞች (የድረ ገጹን መልክ በሚወስኑ ጥቅሎች) ውስጥ የነበረ፣ ፎቶ የሚያሳንስ አጭር ኮድ ነው። ፎቶውን ከሌላ ድረ ገጽም ማምጣት ይችላል። ከየትም እንዳያመጣ ደግሞ የታመኑ ስሞች ዝርዝር ነበረው፤ ፍሊከርና ብሎገር ከእነሱ መካከል ነበሩ። ፍተሻው የሚጠይቀው ግን ከታመኑት ስሞች አንዱ በአድራሻው ውስጥ መኖሩን ብቻ ነው። አጥቂው የራሱን ዶሜይን ይዞ ከፊቱ «ብሎገር ዶት ኮም» የሚል ንዑስ ስም ይቀጥልበታል፤ ፍተሻውም ያልፋል። በወረቀት ላይ «ሚኒስቴር» የሚል ቃል ስላየ ብቻ በር የሚከፍት ዘበኛ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሰንሰለት ይበልጥ ያስተምራል። ከአጥቂው ዘንድ የሚመጣው ፋይል የፒኤችፒ ኮድ ነው። ቲምተምብ ተቀብሎ ጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጠዋል። ፎልደሩ ከውጭ በብራውዘር የሚከፈት ነበር፤ አጥቂው የፋይሉን አድራሻ ሲጠራ ሰርቨሩ ኮዱን ያስኬደዋል። የአድራሻው ስም ከመጨረሻው ተነሥቶ ቢፈተሽ፣ የፋይሉ ይዘት ፎቶ መሆኑ ቢረጋገጥ፣ ወይም ፎልደሩ ኮድ እንዳያስኬድ ቢዘጋ፣ አንዱ ብቻ በበቃ ነበር። ሦስቱም እርስ በርስ ተማምነው ቀሩ።

ሁለተኛው ምሳሌ በጁን 2023 የታወቀው የ«አልቲሜት ሜምበር» ነው። ይህ ፕለጊን የአባላት መመዝገቢያ ቅጽ ይሠራል፤ ያኔ ከ200,000 በላይ ድረ ገጾች ይጠቀሙበት ነበር። ተመዝጋቢ ከስሙና ከኢሜይሉ ጋር ሌሎች መረጃዎችንም ይልካል። ከእነዚህ መካከል የአባሉን ሥልጣን የሚወስነው መስክ እንዳይኖር ጸሐፊዎቹ የተከለከሉ ስሞችን ዝርዝር አዘጋጅተዋል። አጥቂዎቹ የመስኩን ስም በትልቅና በትንሽ ፊደል እያፈራረቁ፣ እዝባር (/) እየጨመሩ፣ በአንዱ ፊደል ላይ ምልክት እያኖሩ ላኩት። ዝርዝሩ «ይህን ስም አላውቀውም» ብሎ ያሳልፈዋል፤ በስተኋላ ያለው ሥርዓት ግን ያንኑ የተከለከለ ስም አድርጎ ያነበዋል። ማንም ተመዝጋቢ አስተዳዳሪ ሆኖ ገባ። ለማረም ተከታታይ እትሞች ወጥተው ነው ቀዳዳው በትክክል የተዘጋው። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ የተከለከለውን መዘርዘር ማለቂያ የለውም፤ የሚያዋጣው የተፈቀደውን መዘርዘር ነው።

ሦስተኛው በፕለጊን ሳይሆን በዋናው ሶፍትዌር ላይ የደረሰ ነው፤ ብዙ ዓይን ያየው ኮድም እንደሚያመልጥ ያሳያል። በወርድፕሬስ 4.7 አንድን ጽሑፍ ለማረም የጽሑፉ መለያ ቁጥር ይላካል። ከቁጥሩ ኋላ ፊደላት ተለጥፈው ቢመጡስ? ፈቃድ የሚፈትሸው ክፍል እንዲህ ያለ ጽሑፍ ስለማያገኝ «የሚከለከል ነገር የለም» ብሎ ያሳልፋል። አራሚው ክፍል ግን ፊደላቱን ጥሎ ቁጥሩን ብቻ ያነብና እውነተኛውን ጽሑፍ ይለውጠዋል። አንዱን ግብዓት ሁለት ክፍሎች ለየብቻ አነበቡት። በጃንዋሪ 26 ቀን 2017 ማሻሻያው ወጣ፤ ዝርዝሩ ከቀናት በኋላ ይፋ ሲሆን ያልታደሱ ድረ ገጾች ላይ ዘመቻ ተከፍቶ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ገጾች ተበላሹ።

ማን ላከው?

አንዳንድ ባለሙያዎች የፈቃድ ጉድለትን ከግብዓት ፍተሻ ይለዩታል። የድረ ገጽ ደኅንነት ድርጅቱ ኦዋስፕ በ2021 ባወጣው የታወቀ ዝርዝሩም ሁለቱ በተለያየ ረድፍ ናቸው፤ የፈቃድ ጉድለት አንደኛ፣ ኢንጀክሽን (ከውጭ የመጣ ጽሑፍ ትእዛዝ የሚሆንበት ጉድለት) ሦስተኛ። ለምደባ ይህ ልክ ነው። በሥራ ላይ ግን መለያየቱ ያሳስታል፤ ምክንያቱም የግብዓት ትርጉም በላኪው ይወሰናል።

«ደብልዩፒ ጂዲፒአር ኮምፕላያንስ» የተባለው ፕለጊን የአውሮፓን የግል መረጃ ሕግ ለማክበር የሚያግዝ ነበር። በኖቬምበር 2018 እንደታወቀው ማንኛውም ጎብኚ የድረ ገጹን ቅንብር እንዲለውጥ በር ከፍቶ ነበር። አጥቂዎቹ ሁለት ቅንብሮችን ለወጡ፦ «ማንም መመዝገብ ይችላል» የሚለውን፣ ቀጥሎም «አዲስ ተመዝጋቢ አስተዳዳሪ ይሁን» የሚለውን። ከዚያ እንደ ማንኛውም ሰው ተመዘገቡ። የላኩት ዋጋ ትክክለኛ ነው፤ የተሰበረ ፊደል፣ የተደበቀ ትእዛዝ የለበትም። ምንነቱን ብቻ የሚመረምር ፍተሻ አይይዘውም። መጠየቅ የነበረበት «ይህን ለማዘዝ አንተ ማን ነህ?» ነው።

በጁላይ 2014 የ«ሜይልፖዬት» ኢሜይል መላኪያ ላይ የደረሰው ደግሞ የእምነቱን ምንጭ ያሳያል። በወርድፕሬስ ውስጥ የአስተዳዳሪው ክፍል ሲነሣ የሚጠራ አንድ ማያያዣ አለ። የፕለጊኑ ጸሐፊዎች ይህ የሚጠራው አስተዳዳሪ ሲገባ ብቻ ነው ብለው ፋይል መጫኛቸውን እዚያ አኖሩት። እውነታው ግን ያልገባ ጎብኚም በተወሰኑ አድራሻዎች በኩል ያንኑ ማስነሣት ይችላል። ስለዚህ ማንም ፋይል መጫን ቻለ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ድረ ገጾችም ተበከሉ። ጸሐፊዎቹ መፈተሽን ረስተው አልነበረም፤ መድረኩ፣ ማለትም ወርድፕሬስ፣ ፈትሾልናል ብለው ነው።

ወዴት ይሄዳል?

ብዙ የደኅንነት ምክር «ግብዓትን አጽዳ» ብሎ ያበቃል። ይህ ምክር ግማሽ ነው፤ መርዛማ ፊደል የሚባል ነገር የለምና።

ከራሳችን ስሞች እንነሣ። ኃ/ማርያም፣ ገ/መድኅን፣ ወ/ሚካኤል ብለን በእዝባር አሳጥረን እንጽፋለን፤ በእንግሊዝኛ ፊደልም ይህንኑ እናደርጋለን። አንድ የሥራ ማመልከቻ ቅጽ ይህን ስም ተቀበለ እንበል። ዳታቤዝ ውስጥ እዝባሯ ምንም አታደርግም። ገጽ ላይ ስትታይም ጉዳት የላትም። ፕለጊኑ ግን የአመልካቹን ሲቪ በስሙ ፋይል አድርጎ ሲያስቀምጥ፣ ያቺው እዝባር ለሰርቨሩ የፎልደር መለያ ትሆናለች፤ ኃይለማርያም «ኃ» የሚባል ፎልደር ውስጥ ይፈለጋል። አጥቂ ደግሞ ከፊቷ ሁለት ነጥቦች (..) እያከለ ከፎልደር ወደ ላይ እየወጣ ወደ ሌላ ፋይል ይሄድባታል። የአየርላንዱ «ኦ'ብራየን» በተቃራኒው ለፋይል ምንም አይደለም፤ ጭረቱ አደጋ የሚሆነው ዳታቤዝ ትእዛዝ ውስጥ ሲገባ ነው። አንዱ ምልክት በአንዱ ቦታ ስም፣ በሌላው ትእዛዝ ነው።

ይህን የዘነጋ ፍተሻ ሁለት ጊዜ ይበድላል። ከላቲን ፊደል ውጭ አልቀበልም ብሎ «ሰላማዊት»ን ያባርራል፤ የአባት ስም ያላትን ሴት የቤተሰብ ስም አምጪ ብሎ ያስጨንቃል፤ ጳጉሜን በቀን መቁጠሪያው የለችም። አጥቂውን ግን አያቆመውም። በአንጻሩ ለስልክ ቁጥር ጥብቅ መሆን ተገቢ ነው፤ የኢትዮጵያ የሞባይል ቁጥር ከ251 ኋላ ዘጠኝ አሃዝ ነው፣ የሚጀምረውም በ9 ወይም በ7 ነው። ሌላው ሁሉ ቢመለስ ማንም አይጎዳም። ስልክ ሲገባ ይጠበቃል፤ ስም ሲወጣ ይጠበቃል።

ፒኤችፒ ይህን ትምህርት በውድ ነው የገዛው። «ማጂክ ኮትስ» የተባለው ባሕርይ ከውጭ በመጣ ጽሑፍ ጭረት ላይ ሁሉ መሸሻ ምልክት በራሱ ይጨምር ነበር። ዓላማው ጀማሪውን ከዳታቤዝ አደጋ ማዳን ነበር። ውጤቱ ግን ወደ ገጽም ወደ ኢሜይልም የሚሄደው ጽሑፍ አላስፈላጊ ምልክት መሸከሙ፣ ፕሮግራመሩም «ቋንቋው ያጸዳልኛል» ብሎ መተኛቱ ሆነ። በ2012 በወጣው ፒኤችፒ 5.4 ተወገደ። ወርድፕሬስ ግን በአሮጌው ልማድ የተጻፉ ፕለጊኖች እንዳይሰበሩ ብሎ ምልክቱን እስከ ዛሬ ራሱ ይጨምራል።

አንድ የተድበሰበሰ ማብራሪያ ምን ያህል እንደሚያደርስ ደግሞ በኤፕሪል 2015 ታየ። በአድራሻ ላይ መረጃ የሚጨምሩ ሁለት የወርድፕሬስ ፈንክሽኖች ውጤታቸው ገጽ ላይ ከመውጣቱ በፊት ኤስኬፕ መደረግ፣ ማለትም ምልክቶቹ እንደ ትእዛዝ እንዳይነበቡ መለወጥ፣ ነበረበት። ይፋዊው ማብራሪያ ይህን በግልጽ አልጻፈም። ከጄትፓክ እስከ ዮስት፣ ከግራቪቲ ፎርምስ እስከ ሌሎች በርካታ ታዋቂ ፕለጊኖች ጸሐፊዎቹ ፈንክሽኑ ያጸዳል ብለው ተጠቀሙበት፤ ማሻሻያዎቹም በአንድ ቀን ተቀናጅተው ወጡ። የዚያን ሁሉ ፕሮግራመር ስንፍና በአንድ ጊዜ ማመን ያስቸግራል። ሁሉም አንድ መመሪያ አንብበው አንድ ዓይነት ተሳሳቱ።

ከተገኘ በኋላስ?

ክፍተት ሲታረም ታሪኩ አያበቃም። የ«ስላይደር ሪቮሉሽን» ፎቶ ማሳያ የሚያሳየውን የፋይል ስም ከአድራሻው ላይ ይቀበል ነበር። በፎቶ ስም ቦታ የወርድፕሬስ ቅንብር ፋይል ቢጻፍለት፣ የዳታቤዙን ስምና የይለፍ ቃል የያዘውን ፋይል አውርዶ ይሰጣል። ኩባንያው በ2014 መጀመሪያ ድምፅ ሳያሰማ አረመው። ችግሩ ግን ፕለጊኑ በሚሸጡ ቴሞች ውስጥ ታሽጎ መምጣቱ ነበር። ቴሙን የገዛ ሰው ውስጡ ይህ ፕለጊን መኖሩን እንኳ ላያውቅ ይችላል፤ የማደሻ ቁልፉም በእጁ የለም። በዲሴምበር 2014 «ሶክሶክ» የተባለው ዘመቻ ይህን ቀዳዳ ተጠቅሞ ሲዛመት ጉግል ከ11,000 በላይ ዶሜይኖችን በጥቁር መዝገብ አስገባ። ባለቤቱን «ለምን አላደስክም» ማለት እዚህ ላይ ፍትሐዊ አይደለም።

ይህ ጉዳይ ወደ አገራችን በሌላ መንገድ ይገባል። የሚከፈልበትን ፕለጊን ለመግዛት የውጭ ምንዛሪ ካርድ ያስፈልጋል፤ ይህ ለብዙ ሰው ቀላል አይደለም። በዚህ የተነሣ ፈቃዱ የተሰበረ ቅጂ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ቅጂው ንጹሕ ቢሆን እንኳ ከአምራቹ አፕዴት አያገኝም፤ በተጫነበት ቀን እንደነበረ ይቀራል። በውጭ ባሉ ማኅበረሰቦቻችንም የደብሩን ወይም የዕድሩን ድረ ገጽ አንድ በጎ ፈቃደኛ ሠርቶት፣ ሥራ ሲበዛበት ወይም ከተማ ሲለቅ ገጹ ጠባቂ ያጣል። «እኛን ማን ብሎ ያጠቃናል?» የሚለው ማጽናኛ አይሠራም። ፈላጊው ቦት፣ ማለትም በራሱ የሚዞር ፕሮግራም ነው፤ ማን እንደሆናችሁ አይጠይቅም። የተሰበረ ድረ ገጽ የሐሰት መድኃኒት ማስታወቂያ መለጠፊያ ወይም ጎብኚን ወደ ሌላ ቦታ መምሪያ ይሆንለታል።

መፍትሔ ተብለው ከሚቀርቡት መካከል ፋየርዎል ጊዜ ይገዛል። የታወቀን ጥቃት መልክ አይቶ ይመልሳል፤ ለአዲሱ ግን ዕውር ነው፣ አንዳንዴም ደህናውን ጽሑፍ ያግዳል። ከሁሉ ይልቅ ውጤት ያሳዩት ስሕተቱን ለመሥራት አስቸጋሪ ያደረጉት ለውጦች ናቸው። መረጃን ከዳታቤዝ ትእዛዝ ለይቶ የሚልከው ዘዴ በወርድፕሬስ ከ2007 ጀምሮ አለ፤ በትክክል ሲሠራበት የተጠቃሚው ስም ምንም ቢጻፍበት ስም ሆኖ ይቀራል። ሎጊናይዘር ላይ ጎድሎ የነበረውም ይኸው ነው። የፕለጊኖች ራስ ሰር ማደሻ በ2020 ከወርድፕሬስ 5.5 ጋር ለባለቤቶች ቀርቧል። በሎጊናይዘር ላይ የታየው የግዳጅ ማደሻ ግን ቅሬታ አስነሥቷል፤ አንዳንድ ባለቤቶች «ራስ ሰር ማደሻ ዘግቼ ሳለ ማን ፈቀደላችሁ?» ብለዋል። ጥያቄው አግባብ አለው። ሆኖም የአንዱ ያልታደሰ ድረ ገጽ ጎብኚውን ጭምር የሚጎዳ በመሆኑ፣ እንዲህ ላለ ከባድ ክፍተት ሚዛኑ ወደ ማደሱ ያደላል።

ሕግም እየመጣ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የሳይበር ተቋቋሚነት ሕግ በዲሴምበር 2024 ጸንቷል፤ ዋናዎቹ ግዴታዎቹ በዲሴምበር 2027 ሥራ ላይ ይውላሉ። ለገበያ የሚቀርብ ሶፍትዌር ሠሪ ክፍተትን የማረም ግዴታ ይኖርበታል። በኢትዮጵያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን መረጃ የሚይዘውን አካል ተጠያቂ ያደርጋል። አንደኛው ሠሪውን፣ ሁለተኛው ያዡን ይመለከታል። ኃላፊነቱ በመካከል እንዳይወድቅ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ምን ይቀራል?

ከእነዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ ይህ ነው። ፕሮግራመሩን ማስተማር ያስፈልጋል፤ ባለቤቱን ማስጠንቀቅም እንዲሁ። ትልቁ ሸክም ግን የመድረኩ ነው፤ አንድ ሰው በትርፍ ሰዓቱ በሚጽፈው ኮድና በሚሊዮን ጎብኚዎች መካከል የቆመው እሱ ነውና። ጥንቃቄ የማይጠይቀው መንገድ አደገኛ፣ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ደህና ሆኖ እስከ ቆየ ድረስ፣ በየዓመቱ የሚቆጠረው ክፍተት በሺዎች ይሆናል። ነባሪው መንገድ ደህናው ሲሆን፣ ማለትም ገጽ ላይ የሚወጣ ጽሑፍ ሁሉ ካልተባለ በቀር ኤስኬፕ ሲደረግ፣ ፈቃድ ያልተጠየቀበት ትእዛዝ ሁሉ ሲመለስ፣ የሰነፉም የትጉውም ኮድ ይጠበቃል። ይህን ማድረግ አሮጌ ፕለጊኖችን ይሰብራል፤ ወርድፕሬስ ለዓመታት ያልደፈረውም ስለዚህ ነው።

እስከዚያው ድረ ገጽ የሚያሠራ ድርጅት ውል ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ይጠይቅ፦ የትኞቹ ፕለጊኖች እንደተጫኑና ፈቃዳቸው በማን ስም እንደሆነ፣ ከርክክብ በኋላ ማን እንደሚያድሳቸው፣ የማያስፈልጉት መወገዳቸውን። ለሦስተኛው የሚከፈል ገንዘብ የለም፤ ያልተጫነ ፕለጊን ደግሞ ክፍተት አይኖረውም።